ኦክቶፐስ የማን ልጅ ነው? «ከህዋ የመጣ እንቁላል» የሚለው ጽሑፍ ሲመዘን

በየጥቂት ወሩ በማህበራዊ ሚዲያ ብቅ የሚል አንድ ዜና አለ፦ «ኦክቶፐስ ከህዋ የመጣ ፍጡር መሆኑን ሳይንቲስቶች አረጋገጡ!» ከሥሩ ዓይኑን ያፈጠጠ፣ ስምንት ክንዶቹን የዘረጋ የኦክቶፐስ ፎቶ ይለጠፋል። ምናልባት እናንተም አይታችሁት «እንዴ! እውነት ይሆን?» ብላችሁ ለጓደኛችሁ ልካችሁት ይሆናል። ብትልኩትም አይፈረድባችሁም። ኦክቶፐስ እኮ ሦስት ልብ አለው። ደሙ ሰማያዊ ነው። አጥንት ስለሌለው ሰውነቱን አሹልኮ በጠባብ ቀዳዳ ያልፋል። የቆዳውን ቀለም በቅጽበት ይቀያይራል። እንዲህ ያለውን ፍጡር «የዚህ ዓለም አይደለም» ቢሉት ማን ይገረማል?

ዛሬ ግን ወሬውን ከምንጩ እንያዘው። ምክንያቱም ከወሬው ጀርባ በሳይንስ ጆርናል ላይ የታተመ እውነተኛ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ በትክክል ምን አለ? ማስረጃው ምንድን ነው? ሚዛን ላይ ሲወጣስ ክብደት አለው ወይስ ይቀልላል? አብረን እንየው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ጽሑፉ ምን ይላል?

በ2018 «ፕሮግረስ ኢን ባዮፊዚክስ ኤንድ ሞለኪውላር ባዮሎጂ» በተባለ ጆርናል ላይ አንድ ረጅም ጽሑፍ ወጣ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የካምብሪያን ፍንዳታ መንስኤ፦ ምድራዊ ወይስ ህዋዊ?» የሚል ነው። 33 ሰዎች ፈርመውበታል። ከእነሱም መካከል ኤድዋርድ ስቲል እና ቻንድራ ዊክራማሲንግ ይገኙበታል። «የካምብሪያን ፍንዳታ» የሚባለው ከ540 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ የብዙ እንስሳት ዋና ዋና ቤተሰቦች በቅሪተ አካል መዝገብ ላይ ተከታትለው ብቅ ያሉበት ዘመን ነው።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ፓንስፐርሚያ ይባላል። ሕይወት ወይም የሕይወት ዘር ከህዋ በጅራታም ኮከቦችና በጠፈር ድንጋዮች ተጭኖ ወደ ምድር ይመጣል፣ ዛሬም እየመጣ ነው የሚል ሐሳብ ነው። ኦክቶፐስ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊዎቹ እንደሚሉት፣ ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የስኩዊድ ወይም የኦክቶፐስ እንቁላል በበረዶ ተጠብቆ በጠፈር ድንጋይ ወደ ምድር ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ሐሳቡ ውድቅ መደረግ የለበትም።

ልብ አላችሁ? «ውድቅ መደረግ የለበትም» ነው ያሉት። «አረጋገጥን» አላሉም። ከ«ሊሆን ይችላል» እስከ «ተረጋገጠ» ያለውን ገደል የዘለሉት ርዕስ አውጪዎቹ ናቸው። ይህ የመጀመሪያው ስህተት የጽሑፉ ሳይሆን የወሬው ነው።

ሆኖም ጽሑፉም ራሱ ከወቀሳ አያመልጥም። ለሐሳቡ የሚያቀርባቸው ምክንያቶች በአጭሩ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የኦክቶፐስ ዓይን፣ ትልቅ የነርቭ ሥርዓትና ቀለም የመቀየር ችሎታ «ድንገት» የታዩ ናቸው ይላል። ሁለተኛ፣ በኦክቶፐስ ጂኖም ውስጥ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኙ ጂኖች አሉ ይላል። ሦስተኛ፣ ኦክቶፐስና መሰሎቹ አርኤንኤ የተባለውን የዘረመል መልእክት ከሌሎች እንስሳት በተለየ መጠን ያርማሉ ይላል። ሦስቱንም አንድ በአንድ እናያቸዋለን። ከዚያ በፊት ግን ጸሐፊዎቹ አስቀድመው ሊጠይቁት ሲገባ በበቂ ያልጠየቁትን ጥያቄ እናንሳ።

«የማን ልጅ ነህ?»

አንድ የማያውቁት ወጣት መንደር ሲገባ ሽማግሌዎች ምን ብለው ይጠይቁታል? «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ነው። እሱም የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም ይቆጥራል። ጥቂት ከተቆጠረ በኋላ አንዱ ሽማግሌ ብድግ ይልና «አሃ! እንግዲያው የእኛው ዘመድ ነህ!» ይላል። ልጁ አለባበሱ ለየት ያለ፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ ቢሆንም ለውጥ የለውም። ዝምድና የሚቆጠረው በመልክ ሳይሆን በትውልድ ነው።

የእንስሳት ምደባ የሚባለው የሳይንስ ዘርፍም ዛሬ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ምደባን እንደ ቁም ሳጥን ነው የተማርነው፤ ይህን እዚህ መሳቢያ፣ ያን እዚያ መሳቢያ። እንደዚያ ከሆነ በርግጥም አሰልቺ የስም ዝርዝር ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። «ኦክቶፐስ ሞለስክ ነው» ስንል «ኦክቶፐስና ቀንድ አውጣ አንድ ጥንታዊ አያት አላቸው» ማለታችን ነው። ይህ ደግሞ ሊፈተን የሚችል ሐሳብ ነው። ትክክል ከሆነ በሰውነታቸው፣ በጂናቸውና በቅሪተ አካላቸው ላይ ምልክቱ መገኘት አለበት። ካልተገኘ ሐሳቡ ይወድቃል።

እስቲ የኦክቶፐስን ዘር ከቅርብ ወደ ሩቅ እንቁጠር። ዛሬ 300 ገደማ የኦክቶፐስ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ሁሉም ኦክቶፖዳ በሚባል ምድብ ውስጥ ናቸው። በሕይወት ካሉት ሁሉ የቅርብ ዘመዳቸው ቫምፓየር ስኩዊድ የሚባል ጥልቅ ባህር ውስጥ የሚኖር እንስሳ ነው። ቀጥሎ ባለ አሥር ክንዶቹ ስኩዊድና ከትልፊሽ ይመጣሉ። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ኮሊዮይድ ይባላሉ። ከእነሱ ራቅ ብሎ ጥምዝ ዛጎሉን ተሸክሞ የሚዋኘው ናውቲለስ አለ። ናውቲለስን ጨምረን ስንጠራቸው ሴፋሎፖድ ይባላሉ፤ በግሪክኛ «ራስ እግር» ማለት ነው፤ ክንዶቻቸው ከራሳቸው ላይ የሚነሱ ስለሆነ። ከዚያም ሰፊው ቤተሰብ ሞለስክ ይመጣል፤ ቀንድ አውጣዎችና ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች ያሉበት።

አዎ፣ ዝናብ ሲዘንብ ግቢያችሁ ውስጥ አጥር ላይ የምታዩት ቀንድ አውጣ የኦክቶፐስ ዘመድ ነው! ምልክቱ የት አለ ካላችሁ፦ ሁለቱም ማንትል የሚባል የውስጥ አካላትን የሚሸፍን ካባ መሰል ቆዳ አላቸው። ሁለቱም አፋቸው ውስጥ ራዱላ የሚባል ጥቃቅን ጥርሶች የተደረደሩበት ሞረድ መሰል ምላስ አላቸው። ያ የሚያስደንቀን ሰማያዊ ደም የሚመጣው ሄሞሲያኒን ከሚባል መዳብ ካለው ፕሮቲን ነው፤ ብዙ ቀንድ አውጣዎችም ይህንኑ ፕሮቲን ይጠቀማሉ። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ይኼ ነው፦ የኦክቶፐስ አንጎል ቀለበት ይመስላል፤ የምግብ ቧንቧው በመሃሉ ሰንጥቆ ያልፋል። ማለትም የዋጠው ነገር ሁሉ በአንጎሉ መሃል አልፎ ነው ሆዱ የሚገባው። ከባዶ የሚነድፍ መሐንዲስ ይህን አይመርጥም። ነገር ግን የቀንድ አውጣዎች የነርቭ ሥርዓትም በምግብ ቧንቧ ዙሪያ እንደ ቀለበት የተሠራ ነው። ኦክቶፐስ የወረሰውን ቀለበት አሳደገው እንጂ አዲስ አልፈጠረም።

መልክ ያታልላል

«እሺ፣ ግን ምደባውስ ስህተት ቢሆን?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ጥሩ ጥያቄ ነው። ተሳስቶ ያውቃልና።

ሊኒየስ በ1758 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ ኦክቶፐስን፣ ስኩዊድንና ከትልፊሽን በአንድ ስም ጠቅልሎ ከራቁት ለስላሳ እንስሳት ጋር መደባቸው። ናውቲለስን ግን ዛጎል ስላለው ብቻ ከባለ ዛጎሎቹ ጋር አኖረው። ወንድማማቾቹን በልብሳቸው ለያያቸው ማለት ነው። በኋላ የመጡ ሊቃውንት ዛጎሉን ትተው ውስጡን ሲያዩ ክንዶቹን፣ ምንቃሩንና ውሃ እየገፋ የሚያስዋኘውን ቱቦ አገኙ። ናውቲለስም ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ።

ሁለተኛው ታሪክ ያስቃል። «ሴፋሎፖድ» የሚለውን ስም በ1790ዎቹ የሰጠው ፈረንሳዊው ጆርጅ ኩቪዬ ነው። ይኸው ሰው በ1829 ከሴት ኦክቶፐስ መሰል እንስሳት ውስጥ የተገኘ ረጅም፣ ብዙ መምጠጫዎች ያሉት ነገር ሲያይ ጥገኛ ትል መሰለውና «ሄክቶኮቲለስ» ብሎ ሰየመው፤ «መቶ ጽዋ» እንደማለት ነው። ትል ግን አልነበረም! ወንዱ ለመራቢያ የሚጠቀምበት ክንድ ነበር። አርጎናውት በሚባለው የኦክቶፐስ ዘመድ ወንዱ በጣም ትንሽ ነው፤ ክንዱ ተቆርጦ ሴቷ ውስጥ ይቀራል። የቤተሰቡን ስም ያወጣው ሊቅ የቤተሰቡን ክንድ እንደ ሌላ እንስሳ መዘገበው። ስህተቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ታረመ፤ ስሙ ግን ዛሬም ለዚያ ክንድ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ሦስተኛው ቫምፓየር ስኩዊድ ነው። ጀርመናዊው ካርል ኹን በ1903 ሲገልጸው ኦክቶፐስ ነው ብሎ መደበው። ከዚያ በኋላ በተለያየ ጊዜ የተያዙ ናሙናዎች በተለያየ ስም እየተጠሩ ብዙ ዝርያ መሰሉ። በ1930ዎቹ ግሬስ ፒክፎርድ የተባለች ተመራማሪ ነገሩን በጥንቃቄ መረመረችና ለዚህ እንስሳ የራሱ ምድብ እንደሚገባው አሳየች። ስምንት ክንዶች አሉት፤ በተጨማሪም ኪስ ውስጥ የሚሰበሰቡ ሁለት ቀጫጭን ክሮች አሉት። እነዚያ ክሮች ኦክቶፐስ ያጣቸው የሁለት ክንዶች ቅሪት ናቸው ተብሎ ይታሰባል። ስሙ ስኩዊድ ይበል እንጂ ስኩዊድም ኦክቶፐስም አይደለም።

ከሦስቱ ታሪኮች ምን እንማራለን? እንግዳ ነገር ሲያጋጥም መፍትሔው «ይህ ከሌላ ዓለም ነው» ማለት ሆኖ አያውቅም። መፍትሔው ጠጋ ብሎ ማየትና ዘመድ መፈለግ ነበር። ኩቪዬ የተሳሳተው የሚታየውን ነገር ከቤተሰቡ ነጥሎ ስላየው ነው። የ2018ቱ ጽሑፍም የሚሠራው ያንኑ ስህተት ነው፤ መጠኑ ግን ይሰፋል።

ሦስቱ ምክንያቶች ሲመዘኑ

አሁን ወደ ምክንያቶቹ እንመለስ።

«ድንገት ታየ» የሚለው። ለስላሳ ሰውነት ያለው እንስሳ ሲሞት ይበሰብሳል፤ ቅሪተ አካል የሚሆነው እንደ እድል ነው። ስለዚህ «አልተገኘም» እና «አልነበረም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያም ሆኖ መንገዱ ይታያል። የጥንት ሴፋሎፖዶች ከካምብሪያን ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ዛጎላቸውን በውጭ ተሸክመው ይታያሉ። ኋላ ላይ በመጡት ኮሊዮይዶች ዛጎሉ ወደ ውስጥ ገባ። በከትልፊሽ ውስጥ ዛሬም ነጭ የኖራ አጥንት መሰል ነገር ሆኖ አለ፤ በስኩዊድ ውስጥ እንደ ላባ የሳሳ ዘንግ ሆኗል፤ በብዙ ኦክቶፐሶች ውስጥ ሁለት ጥቃቅን እንጨት መሰል ነገሮች ሆኖ ቀርቷል፤ በአንዳንዶቹም ጨርሶ ጠፍቷል። ከሊባኖስ የ95 ሚሊዮን ዓመት ድንጋይ ውስጥ የተገኘው ኬውፒያ የተባለው ጥንታዊ ኦክቶፐስ ከዛሬዎቹ የሚበልጥ የዛጎል ቅሪት ነበረው። ከህዋ የመጣ እንቁላል የአያቱን ዛጎል ቁራጭ ምን ብሎ ይዞ ይመጣል?

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በአገራችን በመቀሌ ዙሪያ የሚገኘው የአንታሎ ኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን የባህር ወለል ነበር፤ በውስጡም አሞናይት የሚባሉ የጠፉ ሴፋሎፖዶች ጥምዝ ዛጎሎች ይገኛሉ። አሞናይቶች ሲያዩዋቸው ናውቲለስን ይመስላሉ፤ በዝምድና ግን ከናውቲለስ ይልቅ ለኦክቶፐስና ለስኩዊድ ይቀርባሉ። መልክ ያታልላል ያልኩት ለዚህም ነው።

የዓይኑ ነገርስ? የኦክቶፐስ ዓይን እንደ ካሜራ ሌንስ አለው፤ የእኛም እንደዚያው። ናውቲለስ ግን ሌንስ የለውም፤ ዓይኑ ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ የሚገባበት ጽዋ ነው። ሌሎች ሞለስኮች ደግሞ ከዚያም የቀለለ፣ ጎድጎድ ያለ ዓይን አላቸው። እነዚህ እንስሳት አንዱ የሌላው አያት አይደሉም፤ ሁሉም ዛሬ የሚኖሩ የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው። ነገር ግን በመሃል ያሉ ደረጃዎች ሊኖሩና ሊሠሩ እንደሚችሉ ያሳዩናል። «ድንገት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ውሃ አይቋጥርም።

«ሌላ ቦታ የሌሉ ጂኖች» የሚለው። የኦክቶፐስ ጂኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ተነብቦ በ«ኔቸር» ጆርናል የወጣው በ2015 ነው። 33,000 ገደማ ጂኖች ተቆጠሩ። ከጥናቱ መሪዎች አንዱ የሆነው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ክሊፍተን ራግስዴል ያኔ ቀልድ ጣል አደረገ። ማርቲን ዌልስ የተባለ የእንስሳት ሊቅ ኦክቶፐስን «ባዕድ ፍጡር» ብሎት እንደነበር አስታውሶ፣ እንግዲያው እኛ የመጀመሪያውን የባዕድ ፍጡር ጂኖም አነበብን እንደማለት ተናገረ። ቀልዱን ብዙ ጋዜጦች ርዕስ አደረጉት፤ ቀልድነቱ ግን ከመንገድ ጠፋ።

ጥናቱ ራሱ ያገኘው ምንድን ነው? ኦክቶፐስ ከተለያዩ የጂን ቤተሰቦች ሁለቱን እጅግ አብዝቷል። አንደኛው ፕሮቶካዴሪን የሚባለው፣ የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ እንዲተዋወቁ የሚረዳ ነው። ኦክቶፐስ 168 አለው፤ ከአጥቢዎች እጥፍ በላይ ነው። ግን ልብ በሉ፣ እኛም አለን፣ ኦይስተርም አለው። የታወቀ ጂን በመባዛት በዛ እንጂ ከሰማይ አልወረደም። በሌሎች እንስሳት ያልታዩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችም ተገኝተዋል፤ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በደንብ የተጠና ማንኛውም የእንስሳት ቤተሰብ የራሱ የሆኑ ጂኖች አሉት። ለብቻ የሆነ ጂን መኖሩ ከህዋ ለመምጣት ማስረጃ ከሆነማ ሁላችንም ከህዋ መጥተናል ማለት ነው። የቀረው የኦክቶፐስ ጂኖም ደግሞ በሞለስክ ዘመዶቹ አምሳል የተጻፈ ነው፤ የሚጠቀምበት የዘረመል ፊደልም ከእናንተና ከእኔ ጋር አንድ ነው።

«አርኤንኤ ማረም» የሚለው። ይህ በጣም የሚገርም ግኝት ነው። በ2017 «ሴል» በተባለው ጆርናል በወጣ ጥናት ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድና ከትልፊሽ የአርኤንኤ መልእክታቸውን በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች እንደሚያርሙ ታየ። የ2018ቱ ጽሑፍ ይህን እንደ ባዕድነት ምልክት ጠቀሰው። ግን ያው ጥናት ናውቲለስንም መርምሮ ነበር! ናውቲለስ እንዲያ አያርምም። አፕሊዥያ የተባለው የባህር ቀንድ አውጣም እንዲሁ። ችሎታው የሚገኘው ኮሊዮይድ በሚባለው ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ የጥንት ሊቃውንት ስለ አርኤንኤ ምንም ሳያውቁ በአካል ቅርጽ ብቻ ለይተው ባስቀመጡት ቅርንጫፍ ላይ። እንግዲህ ይህ ማስረጃ የሚመሰክረው ለማን ነው? ለምደባው ነው። ጸሐፊዎቹ ምስክር ብለው ያቀረቡት ለተቃራኒው ወገን መሰከረባቸው።

ማምለጫው

የሐሳቡ ደጋፊዎች እዚህ ላይ ሊሉ የሚችሉት አንድ ነገር አለ። «ሕይወት በህዋ ሁሉ የተዛመደ ከሆነስ? እዚያም ያው ዲኤንኤ ቢኖርስ?» እሺ፣ እንቀበል እንበል። ግን ያኔ የሚመጣው እንቁላል የሞለስክ ማንትል፣ የሞለስክ ራዱላ፣ የሞለስክ የአንጎል ቀለበትና የጠፋ ዛጎል ቅሪት ሊኖረው ይገባል። ይህ እንዲሆን ደግሞ እዚያ ህዋ ላይ ቀንድ አውጣ፣ ናውቲለስና አሞናይት ሊኖሩ ነው፤ እነሱም ከምድሮቹ ጋር በጂን ሳይቀር ሊገጥሙ ነው። አንዲቷን እንቁላል ለማዳን ሙሉ ባህር ወደ ሰማይ መስቀል ያስፈልጋል!

የጽሑፉ ትልቁ ድክመት ይህ ይመስለኛል። ማስረጃ ሲያንሰው ሐሳቡን ከማጥበብ ይልቅ ያሰፋዋል። ማናቸውንም ውጤት የሚያቅፍ ሐሳብ ደግሞ ሊፈተን አይችልም። የምደባው ሐሳብ ግን ራሱን አጋልጦ ነው የቆመው። ነገ ራዱላም ማንትልም የሌለው፣ ጂኑ ከየትኛውም የምድር እንስሳ የማይገጥም ኦክቶፐስ ቢገኝ ምደባው ፈረሰ ማለት ነው።

ለጸሐፊዎቹ ፍትሐዊ እንሁን። ከህዋ የሚመጣ ነገር የለም ማለት አይቻልም። በ1969 አውስትራሊያ ውስጥ መርቺሰን በተባለ ቦታ የወደቀው የጠፈር ድንጋይ አሚኖ አሲዶች ተገኝተውበታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከአሚኖ አሲድ እስከ ኦክቶፐስ እንቁላል ያለው ርቀት ከአንድ ጡብ እስከ ከተማ ካለው ይበልጣል። ጆርናሉም ቢሆን ጽሑፉን ዝም ብሎ አላወጣውም፤ አብረውት አስተያየቶች ታትመዋል። የቫይረስ ተመራማሪዋ ካሪን ሞሊንግ ጽሑፉ ለማሰላሰል ቢጠቅምም ማስረጃ ስለሌለው ዋናውን ሐሳብ በቁም ነገር መውሰድ እንደማይቻል ጽፋለች። ይህን አስተያየት ግን ያ የፌስቡክ ዜና አብሮ አያሳያችሁም።

በምደባው ቤትም ቢሆን ክርክር አለ። በ2022 ከአሜሪካ ሞንታና ግዛት የተገኘ 328 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ባለ አሥር ክንድ ቅሪተ አካል የኦክቶፐስና የቫምፓየር ስኩዊድ ጥንታዊ ዘመድ ነው ተብሎ ታተመ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ «አይደለም» ብለው ተከራከሩ። ከባለ አሥር ክንዶቹ ማን ለማን ይቀርባል የሚለውም ገና ያነታርካል። ይህ ግን የቤተሰብ ክርክር ነው። «አንተ የታላቁ ልጅ ነህ ወይስ የታናሹ?» ብሎ መከራከር «አንተ የሰው ልጅ አይደለህም» ከማለት ይለያል።

ታዲያ ምን አገባን?

ለአንድ የባህር እንስሳ ዝምድና ይህን ያህል መድከም ለምን? ሁለት ምክንያት አለኝ።

የመጀመሪያው፣ ምደባ ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ባወጣው ለምርምር የሚውሉ እንስሳትን የሚጠብቅ መመሪያ ውስጥ ከጀርባ አጥንት አልባዎቹ ተመርጠው የገቡት ሴፋሎፖዶች ናቸው። ብሪታንያም በ2022 እንስሳት ስሜት እንዳላቸው በሚደነግገው ሕጓ ሴፋሎፖዶችን አካትታለች። ሕጉ ጥበቃውን የሚሰጠው በምድቡ ስም ነው። አንድ እንስሳ ሴፋሎፖድ መሆን አለመሆኑ በቤተ ሙከራ ውስጥ ስቃዩ ይታሰብለት አይታሰብለት የሚለውን ይወስናል። ስለዚህ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ለኦክቶፐሱ ራሱ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው ስለ እናንተ ነው። «ከህዋ የመጣ» የሚለው መልስ አስደናቂ ይመስላል፤ ግን የበለጠ የሚደንቀውን ነገር ይወስድባችኋል። እኛና ኦክቶፐስ የመጨረሻው የጋራ አያታችን ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቀድሞ የኖረ፣ አንጎል ይህ ነው የማይባልለት ቀላል እንስሳ ነበር። ከዚያ በኋላ መንገዳችን ተለያየ። በአንደኛው መንገድ የእናንተ አንጎል ተሠራ። በሌላኛው የቀንድ አውጣ ዘመድ የሆነ እንስሳ 500 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች ይዞ፣ አብዛኞቹንም በክንዶቹ ውስጥ በትኖ፣ ማሰሮ መክፈትና መንገድ ማስታወስ ቻለ። ይህቺው ምድር ብልህነትን በሁለት የተለያዩ መንገዶች ሠራች ማለት ነው። ኦክቶፐስን ወደ ህዋ ከሸኘነው ይህ ታሪክ አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ቀጣዩ አስገራሚ ዜና ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ። «አረጋገጡ» ይላል ወይስ «ሊሆን ይችላል»? ሐሳቡ ቢሳሳት በምን ይታወቃል? እንግዳ የተባለውን ነገርስ ከዘመዶቹ ጋር ያስተያየው ሰው አለ? በሦስተኛው ጥያቄ ለመለማመድ ባህር ድረስ መሄድ አይጠበቅባችሁም። ክረምት ሲገባ አጥር ላይ የሚሄደውን ቀንድ አውጣ አጎንብሳችሁ እዩት፤ ቅጠል ሲበላ ምላሱ እንዴት እንደሚሞርድ ተመልከቱ። አባባሉ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» አይደል የሚለው? የኦክቶፐስም ዘመድ እዚያው አጥራችሁ ላይ ነው።